የሠርጉ ፊልም በዙቤይዳ ቴሌቪዥን

ካርቱም፣ ኅዳር 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጥሩወርቅ፤

የዛሬው ሚካኤል ቤትሽን በክንፉ ይጋርድልሽ። እማማ ደብሪቱ እንዴት ናቸው? ዓይናቸው ባሰ ወይስ እንደዚያው ነው? ጋሼ ተክለጻድቅ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤትሽ ዙቤይዳ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ የካርቱም ሙቀት ካቃጠለኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የሙሽራ ፀጉር መሥራቱንም አልተውኩም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ገመቹ ነው፤ ቡና ጭኖ መተማ የሚመላለሰው የአጋሮው ሹፌር። አሮጌዋን ላፕቶፔንም በእሱ ልኬልሻለሁ። ስጦታ ናት፤ ግን ስጦታ ብቻ አይደለችም። እትዬ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እማማ አጠገብሽ ካሉም ድምፅሽን አታውጪ።

ባለፈው ወር እዚህ አንድ የአበሻ ሠርግ ነበር። ሙሽራዋን ያስዋብኳት እኔ ስለሆንኩ የፊልሙን ቅጂ ሰጡኝ፤ ላፕቶፗ ውስጥ አለ። ሥራዬን ልይ ብዬ ከፍቼው ሳለ፣ በአዳራሹ በር አጠገብ በረዶ በባልዲ ይዞ የቆመ ሰው አየሁ። የአዲስ መልክ ነው። ሸብቷል፤ ግንባሩና አቋቋሙ ግን የአዲስ ነው።

አዲስን እንዴት አድርጌ እረሳዋለሁ? የአጎቴ ልጅ ቢሆንም እናቱ እማማ እኔንና እሱን በአንድ ማዕድ ነው ያሳደጉን። ላንቺ ደግሞ ባልሽ ነበር። በ83 ጦሩ ሲበተን ከጎንደር ወዲያ ጠፋ ተባለ። በዓመቱ መርዶ መጣ፤ አለቀስን፤ ተዝካሩን አወጣን። አንቺም ቆይተሽ፣ እማማን ሳትለዪ፣ ጋሼ ተክለጻድቅን አገባሽ። ይህን የምጽፈው ላንቺ አይደለም፣ አንቺማ ታውቂዋለሽ። ደጋግሜ ካልነገርኩት ልቤ አልቀበል እያለኝ ነው።

እርግጠኛ አይደለሁም። ሰውየው ሩቅ ነው፤ በላፕቶፗ ስክሪን ላይ ፊቱ ምስር አያክልም። ድምፅ ማውጫዋም ተበላሽቷል፤ ዲዳ ናት። አንድ ሰው የጠራው ይመስለኛል፣ ከዚያ ዞር ይላል። በዙሪያው ግን ብዙ አፍ ይንቀሳቀሳል፤ የቱ እንደጠራው ያለ ድምፅ አይታወቅም። አዲስ በግራ ጆሮው እንደማይሰማ ታውቂያለሽ። ከግራ ሲጠሩት ወደ ቀኝ ነበር የሚዞረው። ስንት ስቀንበታል በዚህ!

ስለዚህ ላፕቶፗን ከትልቅ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝተሽ እይልኝ። ፊልሙ በጥሩ ካሜራ የተነሣ ነው፤ ኤችዲ የሚሉት። በትልቁ ሲታይ የሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር ይለያል። እኔ እዚህ የማድርበት ክፍል የጋራ ነው፣ ቴሌቪዥንም የለኝ። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ብቻዬን ማረጋገጥ ፈራሁ። ሰውየው የሚታየው ፊልሙ ከተጀመረ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሲሆን ነው። መጀመሪያ አንቺ እይው፤ እማማ ከዚያ በኋላ። ስልክ ላይ አታንሺብኝ፤ እማማ ድምፁን ካላጎላሽው እንደማይለቁሽ አውቃለሁ።

እህትሽ ሰሎሜ

አጋሮ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለሰሎሜ፣ ለሆዴ፤

በሰው አገር ስትወጪ ስትገቢ እመቤቴ ከፊት ከኋላሽ ትሁን። እማማ ደህና ናቸው። አንዱ ዓይናቸው ጭራሽ ጨልሟል፤ በአንዱ ግን ትልቅ ትልቁን ነገር ያያሉ። ልጆቹ ደህና ናቸው። ተክለጻድቅም የቡና ሚዛኑ ላይ ውሎ ይመጣል፤ ዘንድሮ ቡናው ደህና ነው፣ አቧራው ነው እንጂ።

ደብዳቤሽን ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት። ምን ላድርግ፣ እኛ ቤት ከውስጥ የሚቆለፍ በር እሱ ብቻ ነው። ወጥቼ ጠዋት የጠረግሁትን ደጅ እንደገና ጠረግሁ። ዙቤይዳ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ «ጥሩ፣ ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? መሬቱን ልትልጪው ነው ወይ?» አለችኝ። «አቧራ ነው» አልኳት። «አቧራው እንኳ አንቺን ፈርቶ ሸሽቷል» አለችኝ።

ተክለጻድቅ ላፕቶፗን ሲያይ ሕፃን ሆነ። «ሰሎሜ አልረሳችንም፣ አየሽ» ይለኛል። የሠርግ ፊልም ልካለች ብዬዋለሁ። አልዋሸሁም፤ የሠርግ ፊልም ነው። ሌላውን ግን ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።

ሥራ ሲሄድ ብቻዬን ከፍቼ አየሁት። ሰውየው አለ። አዲስን ይመስላል ስል አይመስልም፣ አይመስልም ስል ይመስላል። ጣቴን መስታወቱ ላይ ባሳርፍ ከጣቴ ሥር ጠፋ። ሰሎሜ፣ አንድ ዓመት በቀኙ ስሄድ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሚስት ነበርኩ፤ ባሌን መለየት እንዴት ያቅተኛል? ሃያ ዓመት ለካ መልክም ይወስዳል።

ሙሐመድሳኒን ጠራሁት፤ ዲሽና ቴሌቪዥን የሚጠግነውን። የእኛን ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ዞሮ አየና «እትዬ፣ ይሄ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ ቀዳዳ ነው ያለው፤ ላፕቶፗ ደግሞ አንዱም የላት። እነዚህ ሁለቱ ቋንቋ አይግባቡም» አለኝ። «ታዲያ አስተርጓሚ የለም?» ብዬ ብጠይቀው ፊልሙን ሲዲ ላይ ገልብጦ በዲቪዲው አጫወተልን። ምን ዋጋ አለው! ሰው ሁሉ ተጨምቆ ቀጥኖ ቆሟል። እማማ «ምነው ሰዉ እንዲህ ከሳ? ሱዳን ጠኔ ገባ እንዴ?» አሉ። ሰውየው ጋ ሲደርስ ደግሞ ውሃ ውስጥ የወደቀ ፎቶ ሆነ። ድምፅ አለ፣ ግን ዘፈኑም ጩኸቱም አንድ ላይ ተቦክቷል። እያስቆምኩ፣ እየመለስኩ አየሁት፤ አልጠራልኝም።

እኔን ያስጨነቀኝ ምን መሰለሽ? መርዶ እንኳ ወግ አለው። ሽማግሌ ጎህ ሳይቀድ ይመጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ እናትን የሚደግፍ ክንድ ይዘጋጃል። ሞተ የተባለው አለ ለማለት ግን ወጉ ምንድነው? ማን ይላካል? ተዝካሩ የተበላ ሰው በየትኛው በር ይገባል? እኔስ የማን ነኝ?

ትክክለኛው ገመድ ምን እንደሚባል ጻፊልኝ። ግን አትጣደፊ። ስትችዪ።

ጥሩወርቅ

ካርቱም፣ ጥር 3 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእትዬ ጥሩወርቅ፤

እንኳን ለልደቱ አደረሰሽ፤ በተወለደው ሕፃን ስም እማማን ጉልበት ሳሚልኝ።

እትዬ፣ ሲዲው ላይ የተገለበጠውን እርሺው፤ እሱ ኤችዲውን ገድሎታል። ላፕቶፗን በቀጥታ ነው ማገናኘት። በግራ ጎኗ ቀጠን ያለች ቀዳዳ አለች፤ ኤችዲኤምአይ ትባላለች። ጅማ ሂርማታ ገበያ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆቹ ጋ የኤችዲኤምአይ ገመድ ብትዪ ይሰጡሻል። ጫፍና ጫፉ አንድ ዓይነት ነው። የእናንተ ቴሌቪዥን አይቀበለውም፤ ከጎረቤት ዝርግ ቴሌቪዥን ያለው ፈልጊ። ገመዱን ሰክተሽ በቴሌቪዥኑ ሪሞት የገባበትን መስመር ምረጪ። ከዚያ ላፕቶፗ ላይ የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍና የእንግሊዝኛውን ፊደል ፒን አንድ ላይ ተጫኚ፤ አራት ምርጫ ይመጣልሻል፣ አንዱን ምረጪ። ምስሉም ድምፁም በአንድ ገመድ ይሄዳል።

የሙሽራዋን ቤተሰቦች በዘዴ ጠየቅኳቸው። በረዶውን ከሌላ ቦታ አዘው ስላስመጡ ሰውየውን አያውቁትም። «ባለ በረዶው» ነው የሚሉት። አሁን በረዶው ከየት እንደመጣ እያጠያየቅሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ደብዳቤሽ ላይ አጣሁ። ለጋሼ ተክለጻድቅ ነገርሽው ወይ?

ሰሎሜ

አጋሮ፣ ጥር 27 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰሎሜ፤

የጥምቀቱ በረከት አንቺም ዘንድ ይድረስ። ዘንድሮ ታቦቱ ሲገባ ሰዉ ብዛቱ። እማማን ወንበር ይዘን ወጥተን መንገድ ዳር አስቀመጥናቸው፤ አጥርተው ባያዩም ይሰማሉ።

ገመዱን ማን እንደገዛው ልንገርሽ? ተክለጻድቅ። ሚኒባስ ተሳፍሮ ጅማ ሄዶ፣ ሂርማታን ዞሮ ዞሮ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። «አጭሩን ሊሰጡኝ ነበር፤ እማማ ቀርበው እንዲያዩ ብዬ ረጅሙን ነው የያዝኩት» አለኝ። የምገባበት ጠፋኝ። ጥያቄሽን መለስኩልሽ መሰለኝ።

የዙቤይዳ ባል ቲጃኒ በዘንድሮው ቡና ዝርግ ቴሌቪዥን ገዝቷል፤ ግድግዳውን ግማሽ ይዞታል። እሑድ ከሰዓት እነሱ ቤት ተሰበሰብን። ብቻዬን ልየው ብል በምን ምክንያት? ተክለጻድቅ እማማን ይዞ መጣ። ሙሐመድሳኒ ገመዱን ሰካ፣ ቁልፎቹን ተጫንን፣ እንዳልሽው አራት ነገር ተደርድሮ መጣ። «የቱን ልምረጥ እትዬ?» አለኝ። የቱን እንደሆነ አልጻፍሽልኝ። እኔም በሥላሴ ስም ሦስተኛውን አልኩት። እሱም «ቢስሚላህ» ብሎ ሦስተኛውን ተጫነ።

ቴሌቪዥኑ ቦግ አለ። ማን ወጣ መሰለሽ? አንቺ። ዓባይ ዳር ቀይ ሻሽ አስረሽ የተነሣሽው፣ ላፕቶፗ ስትከፈት የሚታየው ፎቶሽ። አለቀ። ፊልሙ በትንሿ መስታወት ላይ ይሄዳል፤ ትልቁ ላይ አንቺ ትስቂያለሽ። ጠበቅን። ዙቤይዳ «ወላሂ ሰሎሜ አምሮባታል፤ ግን ሌላ ሰው አልመጣም ሠርጉ ላይ?» አለች። ሙሐመድሳኒ ሲታገል መብራት ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

ተስፋ ቆረጥኩ ልበልሽ ወይስ እፎይ አልኩ? እኔም አላወቅሁትም።

ቤት ስንገባ እማማ እጄን ያዙኝ። «ሲዲው ላይ እዚያ በሩ ዘንድ ስትደርሺ ለምን ታቆሚዋለሽ?» አሉኝ። «የቱ በር እማማ?» «አታሞኚኝ። ዓይኔ ቢደክም ጆሮዬ አለ፤ እዚያው ዘፈን ላይ ስትደርሺ ታቆሚያለሽ፣ ትመልሻለሽ። እዚያ ማን አለ?» «ማንም» አልኳቸው። «ማንም ከሆነ አሳዪኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሡትም። ምግብ ሳቀርብ ፊቴን ያዩታል።

ከአራቱ የቱ እንደሆነ ጻፊልኝ። ሰውየውን መፈለጉን ግን ለጊዜው ተዪው። እባክሽ ሰሎሜ፣ ተዪው።

ጥሩወርቅ

ካርቱም፣ መጋቢት 8 ቀን 2004 ዓ.ም.

እትዬ ጥሩ፤

በያዝሽው ጾም አምላክ ልመናሽን ይስማሽ። መዘግየቴን ይቅር በዪኝ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሁለተኛውን ነው መምረጥ። ሁለተኛው ላፕቶፗ ላይ ያለውን እንዳለ ቴሌቪዥኑ ላይ ይደግመዋል። ሦስተኛው ቴሌቪዥኑን እንደ ሌላ ባዶ ጠረጴዛ ነው የሚቀጥለው፤ ለዚህ ነው ፎቶዬ ብቻ የወጣው። ድምፁ እምቢ ካለ ከታች የድምፅ ማጉያ ምልክቷን ተጭነሽ የቴሌቪዥኑን ስም ምረጪ።

ተዪው አልሽኝ። ልተወው ሞከርኩ። ግን ቀድሜ ጠይቄያቸው የነበሩ ሰዎች መጥተው ነገሩኝ፤ ሰውየው የሚሠራበት በረዶ ቤት ኦምዱርማን ነው። ከእኔ ቤት በአውቶቡስ ይደረሳል። አልሄድኩም። አንቺ ሂጂ ካላልሽኝ አልሄድም። በዚያ በኩል በአውቶቡስ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ግን እትዬ፣ እማማ እኮ አርጅተዋል።

ሰሎሜ

አጋሮ፣ መጋቢት 27 ቀን 2004 ዓ.ም.

ሰሎሜ እህቴ፤

የዛሬው መድኃኔ ዓለም ይህን ወረቀት ሳይዘገይ እጅሽ ያግባልኝ። እማማ አጠገቤ ተቀምጠዋል። መደበቅ ቀርቷል፤ ምን ጻፍሽ እያሉኝ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ለተክለጻድቅ ነገርኩት። ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት የቡና መጋዘኑ ድረስ ሄጄ ሚዛኑ አጠገብ አቆምኩትና ነገርኩት። ከዚያ «ታዲያ ገመዱን ገዝቼ የመጣሁት እኔ ነኝ?» አለ። «አዎ» አልኩት። «ረጅሙን» አለና ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። የዚያን ቀን እህል አልቀመሰም። ቅዳሜ ግን ራሱ ተነሥቶ ላፕቶፗን በብብቱ ያዘና «ይነሡ እማማ፤ ያቺን በር እንያት» ብሎ ክንዳቸውን ይዞ ዙቤይዳ ቤት ወሰዳቸው። እማማ ማን በሩ ላይ እንዳለ አልጠየቁም። ነጠላቸውን ብቻ አስተካከሉ።

ዙቤይዳ «ኮቱ እማማ፣ ወዲህ ይምጡ» ብላ ፍራሽ ቴሌቪዥኑ ሥር አነጠፈችላቸው። «በጾማችሁ ዘፈን ታያላችሁ እንዴ?» ብላ ጀመረችኝና ፊቴን ስታይ ተወችው። ሙሐመድሳኒ ገመዱን ሰካ፤ ሁለተኛውን መረጠ።

እንዲህ ያለ ምስል አይቼ አላውቅም። የሙሽራዋ ሹሩባ አንድ በአንድ ይለያል፤ የእጅሽን ሥራ አወቅሁት። ድምፁም ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። ያ ዘፈን ሲመጣ እማማ ጉልበቴን ጨበጡኝ። በሩ ታየ። ሰውየው ባልዲውን ይዞ ቆሟል። የሸበተው ጢሙ፣ ሸሚዙ ላይ ያለው ላብ፣ ከባልዲው ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ ሳይቀር ይታያል። በስተግራው የቆመች ባለ ቢጫ ቀሚስ ሴት አፏን ስትከፍት «አንተ ባለ በረዶ፣ ወዲህ!» የሚለው ተሰማ።

ሰውየው ዞረ። ወደ ቀኝ። ማንም ወደሌለበት። ግድግዳውን አየ። ሴቲቱ እንደገና ስትጠራው ተመለሰና አንገቱን ሰበር አድርጎ አፍሮ ሳቀ። ያንን ማፈር አውቀዋለሁ፤ ስንስቅበት እንደዚያ ነበር የሚስቀው።

የጆሮውን ነገር በዚያ ቤት የምናውቀው እኔና እማማ ብቻ ነን። ተክለጻድቅ ከሰኮሩ ወደ አጋሮ የመጣው አዲስ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ይህን አልነገርኩትም። ሙሐመድሳኒ ምስሉን አቆመው። እማማ ተነሥተው ፊታቸውን መስታወቱን ሊያስነኩ ጥቂት ቀራቸው። ተክለጻድቅ ከኋላ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። እማማ ዞሩና እሱን አዩት። ቆይተው አዩት።

«አይደለም» አሉ። «የእኔ ልጅ አይደለም። የሌላ እናት ልጅ ነው። እናቱ ታግኘው። አጥፉልኝ፤ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ።»

ተክለጻድቅ ፍራሹ ጫፍ ላይ እንደ ወደቀ ሆኖ ተቀመጠ። ዙቤይዳ «አልሐምዱ» ብላ ጀመረችና ለየትኛው እንደሚመሰገን ስላልገባት አልጨረሰችውም።

ስንመለስ እማማን ከሁለት ወገን ይዘናቸው ነበር። ተክለጻድቅ የአጥሩን በር ሊከፍት ቀድሞን ሲሄድ እማማ ወደ እኔ ጠጋ አሉና «ሰሎሜ ስታገኘው በቀኙ ትቁም» አሉኝ። «በግራው ሆና ብትጠራው አይሰማትም፤ የናቃት ይመስላታል።»

«እማማ፣ አይደለም አላሉም?» አልኳቸው።

«ይሄ ሰው ልጅ በሌለኝ ዘመን ልጅ ሆኖኛል» አሉ፣ ተክለጻድቅን በአገጫቸው እያሳዩ። «በጎረቤት ፊት፣ ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ፣ ባለቤቱ መጣብህ ልበለው?»

ቤት ገብተን እማማን ካስተኛናቸው በኋላ ተክለጻድቅ «የአጥሩ በር ላይ ሆኜ እማማን ሰምቻለሁ» አለኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገረ። «አንቺ ሁልጊዜ በቀኜ ነው የምትሄጂው። ቤተ ክርስቲያንም ገበያም። በቀኝ በኩል ጭቃ ቢሆን እንኳ ጭቃውን ረግጠሽ በቀኜ ትመጫለሽ። ጥሩ፣ የእኔ ሁለቱም ጆሮ ደህና ነው። ልማዷ ነው ብዬ ነበር፤ ዛሬ ገባኝ የማን ልማድ እንደሆነ።»

ለእኔም ገና ያን ጊዜ ነው የታየኝ። እግሬ በራሱ ፈቃድ ሲሄድ ኖሯል።

ከዚያ «ለሰሎሜ ጻፊላት» አለኝ። «እናትና ልጅ እኔን ፈርተው ተለያይተው መቅረት የለባቸውም።» የራሱን ነገር ምን እንዳሰበ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ፈራሁ። ዛሬ ጠዋት ወደ መጋዘኑ ስሸኘው መንገዱ ላይ የት ጋ እንደምሄድ ግራ ገባኝ፤ ከኋላው ሄድኩ። ቆሞ ጠበቀኝ።

እንግዲህ ሂጂ። ተዪው ያልኩሽን እርሺው። ኦምዱርማን በረዶ ቤቱ ሂጂ። ና በዪው አላልኩሽም፣ አትምጣ በዪውም አላልኩሽም። እናትህ በሕይወት አሉ በዪው። ጥሩወርቅ አግብታለች፣ ልጆች አሏት፣ እናትህንም የሚጦረው ባሏ ነው በዪው። አንዱንም አታስቀሪ። ከዚያ የሚለውን፣ ክፉም ቢሆን፣ እንዳለ ጻፊልኝ። ይህን ደብዳቤ ገመቹ ነገ ይዞት ይነሣል።

እማማ «ጨረስሽ?» አሉኝ። ጨረስኩ ስላቸው «የቀኙን ጽፈሻል?» አሉ። ጽፌያለሁ አልኳቸው። «ድገሚው» አሉኝ።

በቀኙ ቁሚ።

ጥሩወርቅ